የዘር አደራ

ክፉ ዘመን መጥቶ ልጆቹ የተራቡበት ገበሬ፣ ለዘር ያኖረውን እህል ቢያበላቸው በደለኛ ይባላልን? በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በወሎና በትግራይ ብዙ አባወራ ከዚህ ምርጫ ፊት ቆሞ ነበር። ዘሩን የበላ ሰው የሚመጣውን ዓመት በልቷል፤ ልጁን በረኃብ ያጣ ግን የሚመጣውን ዓመት ለማን ያኖረዋል? ስለዚህ እኛ ገበሬውን አንወቅስም።

ነገር ግን የዘር መጥፋት ጉዳቱ በአንድ ቤት አይቀርም። ፈጥኖ የሚደርሰውን ማሽላ ዘግይቶ ከሚደርሰው፣ ድርቅ የሚችለውን ከማይችለው አባቶቻችን የለዩት በብዙ ትውልድ ድካም ነው። ዛሬ ዝናሙ አንድ ጊዜ ሲዘገይ፣ አንድ ጊዜ ቀድሞ ሲያቋርጥ፣ ይህ ልዩ ልዩ ዘር ከጠፋ ከየት አምጥተን እንዘራለን?

ዶክተር መላኩ ወረደ ይመሩት የነበረው የአዲስ አበባ የዘር ባንክ በዚያ የድርቅ ዘመን የገበሬውን ዘር ሰብስቦ አቆየ፤ ኋላም ገበሬው በማሳው ላይ እየዘራ እንዲጠብቀው አገዘ። ከዚህም የምንረዳው፣ የዘር አደራ የአንድ ቤት ሸክም ሳይሆን የማኅበርና የመንግሥት ዕዳ መሆኑን ነው። እንግዲህ የተራበውን ሰው «ዘርህን አትብላ» ብሎ ለመምከር የሚገባው፣ አስቀድሞ የሚበላ የሰጠው ብቻ ነው።