ጠበቃ የምትሆነው ለማን ነው?



ሕግ የሚያጠና አንድ ወንድማችን ከመግሪብ በኋላ ጠብቆኝ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ሕግ ስመርጥ ኒያዬ ለተበደሉ መቆም ነበር። አጎቴ ግን ‹ተመርቀህ ፈቃድ እንዳወጣህ የመጀመሪያ ሥራህ የኛ የመሬት ክርክር ነው› ይለኛል። የጎረቤቱን ድንበር የገፋው እሱ ራሱ መሆኑን አውቃለሁ። እስከዛሬ ያስተማረኝም እሱ ነው። ምን ላድርግ?»

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥም ለወገን የመሟገት ፈተና ገጥሞ ነበር። የተፍሲር ሊቃውንት ሱረቱ አን-ኒሳእ 105ኛውን አንቀጽና ተከታዮቹን ሲያብራሩ፣ ከበኒ ኡበይሪቅ የሆነ ሰው የብረት የጦር ልብስ ሰርቆ ጥፋቱ በአንድ አይሁዳዊ ላይ እንደተላከከ ይዘግባሉ። ዘመዶቹም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ተሟገቱለት። ቁርኣን ወርዶ ግን አይሁዳዊውን ነፃ አወጣው፤ ለከዳተኞች ተሟጋች መሆንንም ከለከለ። ሌባው «የኛ» ነበር፤ የተወነጀለው «የኛ» አልነበረም። ፍትሕ ግን ወገን አልለየም።

ታዲያ ለተከሰሰ ሰው ጥብቅና መቆም ሐራም ነው? አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ በሕግ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹህ ይገመታል፤ ጠበቃ የማግኘት መብትም አለው። ያጠፋ ሰው እንኳ እንዳይደበደብ፣ ማስረጃው በአግባቡ እንዲመረመር፣ ከጥፋቱ በላይ እንዳይቀጣ መከራከር የፍትሕ ሥራ ነው። የሰውን ሀቅ በአንደበት ጉልበት መንጠቅ ግን ዙልም ነው።

ለወንድማችን ያልኩት ይህን ነው፦ አጎትህን አትሽሸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ይሁን ተበዳይ እንድንረዳው አዘዋል፤ በዳይን መርዳት ማለት ከበደሉ መከልከል መሆኑንም አስረድተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ እውነትም የአጎትህ ጉዳይ ይሁን። ፍርድ ቤት ሳይሆን ቤቱ ሂድ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ድንበሩን እንዲመልስ ለምነው፤ ሽማግሌ ይዘህም ከጎረቤቱ ጋር አስታርቀው። ሊቆጣህ ይችላል፤ ታገስ። ውለታውን በኺድማ፣ በዱዓ፣ በገንዘብህ ክፈል። በሌላ ሰው መሬት ግን ውለታ አይከፈልም።

ሕግ የማናጠናም ብንሆን በየቀኑ ለአንድ ሰው እንሟገታለን፦ ለጓደኛ፣ ለዘመድ፣ ለብሔር። ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ከቀራን በኋላ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የተከራከርኩለት ሰው ሀቅ ስለነበረው ነው ወይስ የኔ ስለሆነ ብቻ?

አላህ በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይም ቢሆን ለሀቅ የምንቆም ያድርገን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ፤ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ።