ተኩላውን ለሰንበት ጥራው

ልጄ፣ እንግዲህ አንተም አባት ሆነሃልና ስለ ዓርብ ማታ አንድ ነገር ልምከርህ። ሻማው በርቶ፣ ዳቦው ተባርኮ ማዕድ ስትቀርቡ ልጆችህን በተግሣጽ አታሰልቻቸው። ተረት ንገራቸው፤ አውሬ የሚያወራበት፣ ሆድ እስኪያም የሚያስቅ ተረት። የሃይማኖት ክብር ይጎድላል ብለህ አትስጋ። የታልሙድ ሊቃውንት ራሳቸው እንዲህ አስተምረዋል። ከእነሱ አንዱ ረቢ ሜኢር 300 የቀበሮ ተረት ነበራቸው ይባላል፤ ለትውልድ የተረፈው ሦስት ብቻ ነው።

እኛ የኢትዮጵያ አይሁድ ጎንደር ሳለን ኦሪትን በግዕዝ ከቄሶቻችን እንሰማ ነበር እንጂ የሊቃውንቱን ትምህርት የያዘውን ታልሙድን አናውቅም ነበር። እዚህ እስራኤል ገብተን ይህን ቀበሮ ስንሰማው ግን እንግዳ አልሆነብንም፤ የኛው ብልጥ ጦጣ ነው። ቀበሮው የሚያታልለው ተኩላም ሆዱ የሚቀድመው የኛው ጅብ ነው።

የፈረንሳዩ ሊቅ ራሺ እንደሚተርኩት፣ ቀበሮ ተኩላን «ዓርብ ወደ አይሁድ ግቢ ግባ፤ ለሰንበት ድግሱን አብረሃቸው አሰናዳ፣ ከዚያ አብረህ ትበላለህ» አለው። ተኩላም ገባ። ዱላ ይዘው ወጡበት! እያነከሰ ተመልሶ ቀበሮን ሊገድለው ሲል፣ «በአባትህ ጥፋት እኮ ነው የተመታኸው፤ እረዳችኋለሁ ብሎ ገብቶ ምርጥ ምርጡን ሁሉ በላባቸው» አለው። ከዚያም የምትበላው ላሳይህ ብሎ ወደ ጉድጓድ ውሃ ወሰደው። በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ ሁለት ባልዲ ታስሯል። ቀበሮ በላይኛው ገብቶ ወረደና ውሃው ላይ የታየችውን ጨረቃ «ይኸው ክብ አይብ!» ብሎ አሳየው። ተኩላ ጎምጅቶ በሌላኛው ሲገባ እሱ ወረደ፣ ቀበሮ ወጣ።

ልጆቹ ስቀው ሲያበቁ አንዱ «በአባቱ ጥፋት እሱ ለምን ይመታል?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ለመመለስ አትቸኩል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ብሎ በዚሁ ነገር ተሟግቷልና ልጅህ በታላቅ ሰው መንገድ ላይ ነው። እኛ ያደግነው በታላላቆች ፊት ዓይናችንን ሰብረን ነው፤ የዚህ አገር ልጅ ግን ይከራከራል። ይህ ብዙ አባቶችን ሲያስከፋ አያለሁ። ስለ ተኩላው ሲከራከርህ ግን አንተን አልደፈረም፤ አንተም ክብርህ ሳይነካ የልቡን ትሰማለህ። ለማዕዱ እንጂ ለሥራው የማይደርስ አባት ካለም ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል።

ሌላኛዋን ተረት ለራስህ ያዛት። የታልሙድ ሊቃውንት ሕጉ ባይሰጠን ኖሮ አለመስረቅን ከጉንዳን፣ ሚስትን አባብሎ መቅረብን ከአውራ ዶሮ እንማር ነበር ይላሉ። አውራ ዶሮው ክንፉን ዘርግቶ «እስከ እግርሽ የሚደርስ ካባ እገዛልሻለሁ» ይላታል። ኋላም አንገቱን ደፍቶ «ኖሮኝ ሳልገዛልሽ ብቀር ይህ ቀይ አክሊሌ ከራሴ ይርገፍ» ብሎ ይምላል። ለባለቤትህ የገባኸውን ቃል እስቲ አስታውስ።

ልጆቹ ጎርመስ ሲሉ የሌላውን የታልሙድ ሊቅ፣ የረቢ አኪቫን የዓሣ ተረት ጨምርላቸው። ሮማውያን ኦሪት ማስተማርን ሲከለክሉ አንዱ «አትፈራም ወይ?» አላቸው። እሳቸውም መረብ እየሸሹ ውሃ ውስጥ ስለሚራወጡ ዓሦች አወሩት። ቀበሮ «ወደ የብስ ውጡ፣ አብረን እንኑር» ቢላቸው፣ «ብልጥ የሚሉህ አንተን ነው? በምንኖርበት ውሃ ከፈራን በምንሞትበት የብስማ እንዴት እንሆናለን!» አሉት። ረቢ አኪቫ በኋላ በሮማውያን እጅ ተገድለዋል፤ ይህንንም ሳትደብቅ ንገራቸው፤ ትልልቆቹ ይችሉታል።

ለመጪው ዓርብ በተኩላው ጀምር። ልጆቹ አማርኛው ከከበዳቸው በዕብራይስጥ ተናገረው። የጅብንና የጦጣን ተረት ግን ለእናትህ ተውላቸው፤ እሳቸው በአማርኛ ያውጉ፣ አንተ ለልጆቹ አስተርጉም።