ሳይታመም የሞተው ዊንዶውስ

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ዊንዶውስ 10 «ዕድሜው አበቃ» ተባለ። ማይክሮሶፍት ቀኑን ከዓመታት በፊት ቆርጦ ስላሳወቀ ዜናው ማንንም አላስደነገጠም። ግራ የሚያጋባው በማግስቱ የሆነው ነው። ረቡዕ ጠዋት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች እንደ ወትሯቸው ተከፈቱ፤ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፣ ደመወዝ ተሰላባቸው፣ ፊልም ታየባቸው። በዚያች ሌሊት ምክንያት የጠፋ ፋይል የለም፤ የተቃጠለ ዕቃም የለም። ታዲያ አበቃ የተባለው ምኑ ነው?

ጥያቄው ለኮምፒዩተር ጠጋኝ የሚቀርብ ይመስላል። ነገር ግን ፈላስፎች ሲነታረኩበት ከኖሩት ጥያቄ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፦ አንድ ነገር በራሱ ላይ አንዳች ነገር ሳይደርስበት ሌላ ሊሆን ይችላል ወይ?

ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴና ወህኒ ቤት መርዙን ሲጠጣ ሚስቱ ዛንቲፔ አጠገቡ አልነበረችም። እርሱ እስትንፋሱ ባለፈባት ቅጽበት ግን እርሷ መበለት ሆነች። መርዶው አልደረሳትም፤ ከሰውነቷም ሆነ ከሐሳቧ የተነካ ነገር የለም። የሆነችውን የሆነችው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ላይ በደረሰ ነገር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፒተር ጊች እንዲህ ያለውን ለውጥ «የካምብሪጅ ለውጥ» ብሎ ሰየመው፤ ኮሪያ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው ጄግዎን ኪም ደግሞ በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ የዛንቲፔን መበለትነት ምሳሌ አድርጎ ተከራከረበት። ነገሩ እንዲህ ከታየ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ በዚያ ማክሰኞ አልሞተም። መበለት ሆነ እንጂ።

ያጣው ጠባቂ ማን እንደሆነ በቀኑ ላይ ይነበባል። ማይክሮሶፍት ከ2003 ጀምሮ የደኅንነት ማስተካከያዎቹን የሚለቅቀው በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ ኦክቶበር 14ም የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነበር። ተጠቃሚው «አፕዴት» እያለ የሚያማርረው፣ ስብሰባ ሊጀመር ሲል ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የሚያበራበት ያ ነገር፣ ከጁላይ 2015 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሲመጣ ቆይቶ ቀረ። ዊንዶውስ 10 ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ዕቃና ጥበቃ አንድ ላይ ነበር።

በሠሪና በሥራው መካከል ስላለው እንዲህ ያለ ግንኙነት ከተደረጉት ክርክሮች አንዱና ዝነኛው ኮምፒዩተር ከመታሰቡ በፊት የተካሄደ ነው። በ1715 ጀርመናዊው ፈላስፋ ሌይብኒትስ ለዌልስ ልዕልት ለካሮላይን በጻፈው ደብዳቤ ኒውተንንና ተከታዮቹን ከሰሰ። አምላክን ሰዓቱ እንዳይቆምበት በየጊዜው የሚሞላ፣ የሚያጸዳ፣ የሚጠግን ሰዓት ሠሪ አደረጉት ነው ክሱ። ለሌይብኒትስ ሥራውን ደጋግሞ የሚጠግን ባለሙያ ሙያው ጎዶሎ ነው፤ ፍጹም ሠሪ አንድ ጊዜ ሠርቶ ይጨርሳል። ለኒውተን ወገን የመለሰው ቄሱ ሳሙኤል ክላርክ ነገሩን ገለበጠው። ያለ ጠባቂ የሚሄድ ዓለም ማለት ንጉሥ የማያስፈልገው መንግሥት ማለት ነው፤ ጥበቃው የሠሪው ጉድለት ሳይሆን የሠሪነቱ ክፍል ነው አለ። ደብዳቤው እየተመላለሰ ቆይቶ በ1716 ሌይብኒትስ ሲሞት ተቋረጠ።

በክላርክ በኩል የሚሰለፉ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር ዓለምን ፈጥሮ እንዳልተወ፣ በመግቦቱ እንደሚጠብቅ ታስተምራለች። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሙስሊሙ ሊቅ አል ገዛሊ ከዚህም ርቆ ሄዷል፦ ጥጥ ከእሳት ሲገናኝ የሚያቃጥለው እሳቱ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት የሚሠራው አላህ ነው ብሏል። ፈላስፋው ዴካርት በ1641 ባሳተመው ሥራው አንድን ነገር በየቅጽበቱ ጠብቆ ማቆየት አዲስ አድርጎ ከመፍጠር የማያንስ ኃይል ይጠይቃል ሲል ተከራክሯል።

አፕዴት ሲመጣበት «መጀመሪያውኑ በደንብ ቢሠሩት ኖሮ በየወሩ ለምን ይጠግኑታል?» ብሎ የሚቆጣ ሰው፣ ስሙን ባይሰማውም የሌይብኒትስ ደቀ መዝሙር ነው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ አሥር ዓመት እንደ ክላርክ ሲናገር ከርሞ፣ በማብቂያው ቀን «ከእንግዲህ በራሱ ይሂድ» አለ። የሃይማኖቱን ክርክር ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልተፈታም። በሶፍትዌር በኩል ግን ልምዱ ለክላርክ ነው የሚመሰክረው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 አዲስ ስምና አዲስ መልክ ይዞ ወጣ። ሆኖም በውስጡ ያለውን የሥሪት ቁጥር የጠየቀው ሰው የሚያገኘው መልስ «10.0» ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር ነው። አዲሱና አሮጌው ብዙ ኮድ ይጋራሉ። በመሆኑም ለዊንዶውስ 11 በየወሩ የሚወጣው ማስተካከያ ሁለት ሥራ ይሠራል። የአዲሱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ቀዳዳው የት እንደነበረም ያሳብቃል። አጥቂው ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ያለውን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያነብባል፤ ያ ቀዳዳ በአሮጌውም ውስጥ ካለ፣ የሚደፍነው የለም። አሮጌው ባለበት ቆሞ ሳለ አደጋው በየወሩ ይጨምራል። በአቴናም ቢሆን መበለትነት የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ባሏ የሞተባት ሴት በሕግ ፊት በሌላ ወንድ አሳዳሪነት ሥር ትወድቅ ነበር።

ያልተደፈነ ቀዳዳ ምን እንደሚያስከትል ሜይ 12 ቀን 2017 አርብ የሆነው በግልጥ አሳይቷል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች ገባ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ ተመለሰ፤ የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ከ19 ሺህ በላይ የሕክምና ቀጠሮ ሳይሰረዝ እንዳልቀረ ገምቷል። ጣት በቅድሚያ የተቀሰረው ድጋፉ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ባበቃው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነበር። ሲጣራ ግን ከተያዙት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የተገኙት ዊንዶውስ 7 ተጭኖባቸው ነው፤ እርሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ጠባቂ ነበረው። መድኃኒቱ በማርች ወር ወጥቷል። ያልተጫነው በባለቤቶቹ እጅ ነው። ስለዚህ ጥበቃ አንድ ወገን ብቻውን የሚፈጽመው ነገር አይደለም፤ ሠሪው ይልካል፣ ባለቤቱ ይቀበላል። በሁለቱም ጫፍ ሊበጠስ ይችላል።

ከተበጠሰም በኋላ ሊቀጠል ይችላል። ማይክሮሶፍት ዋናክራይ በተነሣ ማግስት፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተሰናበተውን ኤክስፒን የሚያድን ማስተካከያ ለሁሉም በነጻ ለቀቀ፤ በ2019ም ሌላ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ ደገመው። ከዚያ አስቀድሞ የእንግሊዝ መንግሥት ለኤክስፒ ኮምፒዩተሮቹ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥበቃ በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ነበር። ሞት ተራዝሞ የሚሸጥ ከሆነ፣ ሞት መባሉ ያጠራጥራል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ በ30 ዶላር ቀረበ፤ መክፈል የማይፈልግ ሰው የኮምፒዩተሩን ቅንብር በማይክሮሶፍት አካውንቱ በኩል ወደ ኩባንያው ማከማቻ ቢያስቀምጥ በነጻ ያገኛል። ለድርጅቶች የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለፋብሪካ ማሽኖች፣ ለሕክምና መሣሪያዎችና ለመሳሰሉት ተብሎ የተዘጋጀው አንድ የዊንዶውስ 10 ዓይነት ደግሞ ማስተካከያ የሚያገኘው እስከ ጃንዋሪ 2032 ነው። የዊንዶውስ 10 ቀዳዳዎች ለዓመታት መደፈናቸው ይቀጥላል ማለት ነው። የተለወጠው ለማን እንደሚደፈኑ ነው።

ኩባንያዎች ግን የሞትን ቋንቋ ይወዱታል። በሜይ 2002 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በሳን ሆሴ ለተሰበሰቡ የሶፍትዌር ሠሪዎች መድረክ ላይ የሬሳ ሣጥን አስቀምጦ፣ ለማክ ኦኤስ 9 የቀብር ንግግር አነበበ። ሳቁ በአዳራሹ ሞላ። ያ «የተቀበረው» ሥርዓት በተተኪው በማክ ኦኤስ ቴን ሆድ ውስጥ ሆኖ የቆዩ ፕሮግራሞችን ሲያስነሣ ቆይቶ የወጣው በ2007 ነው። ቀብሩ ለፕሮግራም ሠሪዎቹ የተላለፈ መልእክት ነበር፦ ለአሮጌው መጻፍ ይብቃችሁ። «ሞተ» ሲባል ማንም አይጠየቅም፤ «ተውነው» ሲባል ግን ለምን የሚል ይመጣል።

ለምን የሚለው በተለይ የሚነሣው ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያላቸው ማሽኖች ዘንድ ነው። አዲሱ ሥርዓት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን፣ ማለትም ከ2017 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡትን ብቻ ነው በይፋ የሚቀበለው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ፣ ከዱባይ በነጋዴ ጭነት የሚገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ የአዲስ አበባ ተማሪ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኮር አይ 5፣ ሰባተኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ ስምንት ጊጋ፣ ባትሪው ሦስት ሰዓት የሚቆይ ላፕቶፕ እያለው «ፎርማት አስደርገህ 11 አስጭን» ይባላል፤ ሲሞከር ማሽኑ መሥፈርቱን አያሟላም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በጓሮ በር የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን ማስተካከያ መላኩን እንደማያረጋግጥ አስታውቋል።

የአማርኛ ጸሐፊ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ቀድሞ ያውቀዋል። ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ከቦታው ይተርፋሉ። ስለዚህ አንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ቀጣጥሎ ሠራው፤ ሁሉም ለየራሱ በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ አስቀመጠው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደላት ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነበር። ዛሬ ያን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር የከፈተ ሰው ከላይና ከታች በምልክት የተዥጎረጎሩ የላቲን ፊደላት ይጠብቁታል። የሠርግ ጥሪ ይሁን የፍርድ ቤት አቤቱታ መለየት አይቻልም። ከፋይሉ ግን አንድ ቢት እንኳ አልተለወጠም። እርሱም እንደ ዛንቲፔ ነው፤ የሄደው ሌላው ነው።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ሰጣቸው፤ «ሀ» 4608 ሆነች። በ2007 ለገበያ የበቃው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የዩኒኮድ ቃል ኪዳን ከማይክሮሶፍቱ በአንድ ነገር ይለያል፤ የማብቂያ ቀን የለውም። አንድ ጊዜ ቁጥር ያገኘ ፊደል አይነሣም፣ ቦታውም አይዛወርም የሚል የጸና ደንብ አለው።

ታዲያ ማይክሮሶፍት ለምን እንዲህ አያደርግም? «ሀ» 4608 ሆና እንድትኖር ማንም ሌሊት መንቃት የለበትም። ዊንዶውስን መጠበቅ ግን የሰው ጉልበት ነው፤ የሚያነብ፣ የሚሞክር፣ የሚያርም ሰው በየወሩ ይፈልጋል። ይህ ትርፍ ፈላጊ ኩባንያዎች ብቻ የሚያቀርቡት ሰበብ አይደለም። በነጻ የሚታደለው የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት (ከርነል) ጠባቂዎች ለአንዳንድ ሥሪቶች ይሰጡት የነበረውን የስድስት ዓመት ጥበቃ በ2023 ወደ ሁለት ዓመት ለማውረድ ወስነዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የጠባቂዎቹ መድከም ነበር። የክላርክ አምላክ አይደክምም፤ ሶፍትዌር የሚጠብቁት ግን ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ የማብቂያ ቀን መኖሩ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ቀኑ ሲደበቅ፣ ወይም ጥበቃው እየቀጠለ ለአንዱ ተሰጥቶ ሌላው «ዕቃህ ሞቷል» ሲባል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀውና ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ የሚጸኑት የሳይበር ደኅንነት ሕግ የመጀመሪያውን ይነካል። አምራቹ ድጋፉ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት በሽያጩ ጊዜ ለገዢው በግልጽ ማሳየት አለበት፤ ዕቃው ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚያገለግል ካልሆነ በቀር የድጋፉ ጊዜ ከአምስት ዓመት ማነስ የለበትም።

ቃሉ የተገባው ለማን እንደሆነ ግን ሕጉ አይፈታውም፦ ለመጀመሪያው ገዢ ነው ወይስ ለዕቃው? እስከ ዛሬ ያለው አሠራር ወደ ዕቃው ያደላል። ማስተካከያው ሲላክ ላፕቶፑ ሲያትል ባለ ቢሮ ይሁን መርካቶ ባለ ሱቅ፣ የመጀመሪያው ባለቤት እጅ ይሁን የሦስተኛው፣ የሚጠይቅ አልነበረም። ማራዘሚያው በአካውንት ሲታሰር ጥበቃው ከማሽኑ ላይ ተነሥቶ በስም ወደሚታወቅ ሰው መዞር ጀመረ። ቀጣዩ ሥርዓት ሲሸኝ ከቀኑ ይልቅ የሚያከራክረው ይኸው መሆኑ አይቀርም።