ያላነበቡትን መፈረም

ባለፈው አርብ ከጸሎት በኋላ ሻይ ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ሰዓት ደረሰብንና ሁላችንም ወደየቤታችን ሮጥን። እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ስለዚህ በወረቀት ላስፍረው ብዬ ነው።

ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ወንድሜ ዘንድሮ ተመራቂ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በዋትስአፕ ሲልክልኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ርዕሱ ስለ ገጠር የመጠጥ ውሃ ነው። "እስቲ ምን እንደሚል በአማርኛ ንገረኝ" አልኩት። ዝም አለ። ብጠብቅ ብጠብቅ... በመጨረሻ "እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አብዛኛውን ቻትጂፒቲ ነው የጻፈልኝ" አለኝ። ያንን ውሃ በጀሪካን ተሸክመን ያደግን ልጆች!

አርብ ዕለት አንዷ እኅታችን "ታዲያ ምን አለበት? እኛስ ልብስ በማሽን አይደል የምናጥበው?" ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም መልስ አጣሁ። አሁን ሳስበው ግን ማዳም ከእኔ የምትፈልገው ንጹሕ ልብስ ነው፤ የእኔ እጅ መልመድ አለመልመዱ ጉዳይዋ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ግን የወንድሜን ወረቀት መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የሚፈልገው ያንን ወረቀት ሲጽፍ አዋቂ የሚሆነውን ልጅ ነው። የቅኔ ተማሪ እኮ ቅኔውን ራሱ አስቦ፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ይታረማል። ሌላ ሰው ቢያስብለት ምን ይማራል?

እንግሊዝኛውን ቢያርምለት አልቃወምም። በሰው ቋንቋ መጻፍ ከባድ ነው፤ እኛ እናውቀዋለን።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ኖቬምበር ነው ለሕዝብ የቀረበው። ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይጽፋል። ስለዚህ የሌለ መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ ሊጠቅስ ይችላል። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚሁ ማሽን የተፈጠሩ ስድስት የሐሰት የፍርድ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ዳኛውም 5,000 ዶላር ቀጣቸው። የሚገርመው አንዱ ጠበቃ ማሽኑን መልሶ "ይህ እውነተኛ ነው?" ብሎት ነበር። "አዎ" አለው! ምስክሩን ስለ ራሱ ማስመስከር ማለት ይኸው ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ፍሮንቲርስ ከሚባለው አሳታሚ መጽሔቶች በአንዱ ማሽን የሣለው የአይጥ ሥዕል ታተመ። አካሉ ለመናገር የሚያሳፍር፣ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው። በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ ግን በተማሩት ገምጋሚዎች እጅ አልፎ ነው የታተመው። እነሱ እንዲህ ከሆኑ የወንድሜን ወረቀት ማን ያጣራዋል? ነገ ሌላ ተማሪ እሱን ዋቢ ያደርጋል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላው። አንድ ቀን በዚያ ወረቀት ተመርቶ የጉድጓድ ውሃ የሚያስቆፍር ሰው ቢመጣስ?

እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አቅርበው "እዚህ ጋ ፈርሚ" አሉኝ፤ ፈረምኩ። በኋላ የዕረፍት ቀን ስጠይቅ "ፈርመሻል እኮ" ተባልኩ። ከእናንተም ስንቶቻችሁ እንዲሁ ናችሁ። እኛን ችግር ነው ያስፈረመን። ወንድሜ ግን ማንበብ እየቻለ፣ ላፕቶፕ ተገዝቶለት፣ ያላመዛዘነው ቃል ላይ ስሙን ጻፈ። ይህን ስነግረው ተቆጣ፤ "መምህራኑም አያነቡትም" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ማክሰኞ ማታ ራሱ ደወለ። ከዋቢ መጻሕፍቱ መካከል አምስቱን ፈልጎ ሁለቱን የትም አላገኛቸውም። ለአማካሪ መምህሩ ልንገር ወይስ ዝም ብዬ ላውጣቸው ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ እኔ "ንገር" ለማለት አፌ ተያዘ። ከነገረ ዓመቱን ይደግም ይሆናል፤ ከፋይዋ ደግሞ እኔ ነኝ። የኮንትራቴ ማብቂያም ደርሷል። "እስከ አርብ ቆየኝ" አልኩት።