የወይራው ዱላ

ፎገራ ላይ ነው አሉ። ሩዙ ታጭዶ ተነስቶ፣ ለሽንኩርት መሬት የሚለሰልስበት ሰሞን። አንድ ወጣት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ገዛና መጀመሪያ የአባቱን ማሳ ሊያርስ ይዞት መጣ። ከኋላው ሮታቬተር ተገጥሞለታል፤ ዘንጉ ላይ የተደረደሩት ቆልማማ ቢላዎች እየተሽከረከሩ የዋልካውን ጓል ዱቄት ያደርጉታል። አባትየው እርፍ ይዘው ያረጁ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ከዳር ቆሙ።

ልጁ ሁለት ጊዜ ደርሶ እንደተመለሰ ማሽኑ አጓራ። ገለባ ውስጥ የተረሳ የአጥር ሽቦ ቢላዎቹ ላይ ተጠምጥሟል። ሞተሩን አላጠፋም። ጓደኛውን ጠርቶ ፍሪሲዮኑን አስጨበጠው። ጨብጠው ሲይዙት የሚቆም፣ ሲለቁት የሚነሳ ዓይነት ነው። ከዚያ እጁን ሊያስገባ ጎንበስ አለ።

«ቆይ!» አሉ አባት።

«አባባ፣ ቆሟል እኮ። ይዩት፣ አይዞርም።»

«ይተነፍሳል።»

«እርስዎስ ማረሻው ሥር ሲይዘው በሬዎቹን ፈተው ነው የሚያስተካክሉት? እንደተጠመዱ አይደለም እንዴ?»

አባትየው ዝም አሉ። ልጁ አልዋሸም፤ ዕድሜ ልካቸውን ማረሻ ያስተካከሉት በሬዎቹ ቀንበር ላይ እንዳሉ ነው።

«ቦራ እኮ» አሉ ቆይተው፣ «ጎንበስ ስል ጆሮውን ወደ እኔ ያዞራል። ይኼ የቱን ጆሮ ያዞራል?»

ልጁ ሳቀ። «በል እንግዲያው መጀመሪያ የኔ ዱላ ይግባ» ብለው የወይራ ዱላቸውን ቢላዎቹ መሃል ሰደዱና ሽቦውን ይቆሰቁሱ ጀመር።

በዚህ መሃል አንድ መንገደኛ ሽማግሌ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ጓደኛው ጨዋ ልጅ ነው። ባርኔጣውን ሊያነሳ እጁን ከፍ አደረገ።

ዱላው ከአባትየው እጅ መቼ እንደወጣ ያየ የለም። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ማሽኑ እንዳልተገራ ወይፈን ወደ ፊት ተስፈነጠረ፣ ሦስት ስባሪ ወይራ ገለባው ላይ ቀረ።

ይህን የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሬን ለማሞገስ ያወራዋል። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነው። በሬ ሲጠመድ ሥራው ላይ መጎዳት የማይፈልግ ሁለተኛ ፍጡር አለ፤ ሥር ሲነካ ይቆማል፣ ወደ ኋላም አርሶ አያውቅም። ሞተር ወደ ኋላም ያርሳል። ቢላው እየዞረ የኋላ ማርሽ ከገባ እጀታው ድንገት ሽቅብ ይነሳል፤ አራሹ በማሽኑና ከጀርባው ባለው ዛፍ ወይም ግንብ መሃል ተጣብቆ ይቀራል፣ ቢላው ወደ እግሩ ይመጣል። ስለዚህ ቢላውን ሳያቆሙና ዞረው ሳያዩ ወደ ኋላ የለም። በበሬ የለመድነው ጋቢም ቢሆን ከሚዞር ቺንጊያ አጠገብ ቦታ የለውም። ይህ ሁሉ ለልጁ አዲስ ነገር አይመስለኝም። ሞተሩን ያላጠፋው ባለማወቅ ሳይሆን ማኑቬላ ማዞር ስለሰለቸው ነው።

በማግስቱ አባትየው ጠየቁት።

«አጥፍተህ ለማስነሳት ስንቴ ታዞረዋለህ?»

«ሞተሩ ከሞቀ ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል።»

«እኔ» አሉ፣ «ሌላ ወይራ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄጃለሁ።»