ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ ውድ የጆሮ ማዳመጫ ዋጋና ስለ ድምፁ

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ የተናገሩት፥ ሰው በሌለበት የሚነገርበትን ሐሜት ከሁሉ በኋላ የሚሰማው ባለቤቱ ራሱ ስለ ሆነ ነው። እኔ ግን ይህን ተረት በሌላ መንገድ እንድተረጕመው የሚያስገድድ ነገር አገኘኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ የሚሆነው የሰው ወሬ ሲሰወርበት ብቻ አይደለም፤ ያልሰማውንም ሰማሁ ብሎ በባለቤቱ ፊት ሲመሰክር ጭምር ነው። ለዚህም ምስክርነት ጉቦ የሚቀበልበት ጊዜ አለ፤ ጉቦውም ሌላ ሳይሆን የዕቃው ዋጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዛሬ ዘመን ዜማ የሚወድ ሰው፥ ጎረቤቱን ሳያውክ ብቻውን ለመስማት በሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ የሚደፋው ሄድፎን የሚባል ማዳመጫ አለ። ይህ ዕቃ ከጥቂት ዶላር ጀምሮ አንድ ቤት እስከሚያሠራ ገንዘብ ድረስ ይሸጣል። ስለዚህ በወዳጆቹ መካከል ብርቱ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ «የድምፅ ጥራት ከዋጋው ጋራ ይወጣል፤ ርካሹን የሚያመሰግን ሰው ጆሮ የሌለው ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ከጥቂት ገንዘብ በላይ የሚከፈለው ሁሉ ለከንቱ ውዳሴ ነው» ይላሉ። ከሁለቱ ወገን እውነትን የያዘው ማን እንደ ሆነ እንመርምር፤ ነገሩ የዕቃ ብቻ መስሎ ቢታይም የሕሊና ነገር ነውና።

መሣሪያው ሲጀመር ለክብር የተሠራ አልነበረም። በአሜሪካ በዩታ ግዛት ይኖር የነበረ ናትናኤል ባልድዊን የተባለ ሰው በ1910 ዓ.ም.፥ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፥ በቤቱ ማድ ቤት በእጁ የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል አቀረበ፤ እነርሱም ሞክረው ደኅና ሆኖ ስላገኙት ገዙት። ባልድዊን ይህን ሥራ ያሰበው፥ በሰፊ የጸሎት አዳራሽ ተቀምጦ የሰባኪው ቃል አልሰማ ስላለው ነው ይባላል። በ1958 ዓ.ም. ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ ለሙዚቃ የሚሆነውን ባለ ሁለት ወገን ድምፅ ማዳመጫ አወጣ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ስታክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሌላ ዓይነት ጥበብ ጨመረ። በተራው ማዳመጫ ውስጥ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል፥ የከበሮ ቆዳ የመሰለውን ትንሽ ሽፋን እየገፉና እየሳቡ አየሩን ያንቀጠቅጣሉ፤ በስታክስ ግን ሽፋኑ እጅግ ስስ ሆኖ፥ ቀዳዳ ባላቸው በሁለት ዝርግ ሰሌዳዎች መካከል ተወጥሮ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ይንቀጠቀጣል።

በዚሁ ጥበብ ላይ የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኩባንያ በ1991 ዓ.ም. ኦርፌዎስ የሚባለውን ማዳመጫ ሠራ፤ የወጣውም በጠቅላላው 300 ያህል ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የርሱን ተከታይ፥ ኤች ኢ 1 የተባለውን፥ ለዓለም ገለጠ፤ ዋጋውም 50,000 ዩሮ ያህል ነው ተባለ። የማጉያው ሣጥን በኢጣልያ በካራራ ከሚፈለጠው እብነ በረድ የተሠራ ነው። መክፈቻው በተነካ ጊዜ ስምንት የብርጭቆ ቱቦዎች ከእብነ በረዱ ውስጥ ቀስ እያሉ ብቅ ይላሉ። ድምፅ የሚሰጠው ሽፋን ውፍረቱ 2.4 ማይክሮሜትር ነው፤ ይኸውም ከሰው ጠጕር ከሃያ እጅ በላይ የቀጠነ ማለት ነው። በሰከንድ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ እንኳ ያወጣል ይሉታል። ነገር ግን የሰው ጆሮ፥ ያውም በወጣትነቱ፥ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 ጊዜ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው፤ ዕድሜ በጨመረ ቍጥርም የላይኛው ጫፍ እየወረደ ይሄዳል። እንግዲህ ይህን ዕቃ ለመግዛት የሚበቃ ሀብት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጎልማሳነት በኋላ ስለ ሆነ፥ ገዢው ከሚከፍልበት ድምፅ ከፊሉን ሊሰማው አይችልም።

ይህን ስል በሠሪዎቹ ላይ ለመሳለቅ አይደለም። ጥቂት ብቻ የሚሠራ ዕቃ፥ እያንዳንዱ በሰው እጅ የሚገጣጠምና የሚፈተን፥ ዋጋው መክበዱ የግድ ነው። ለአንድ ስስ ሽፋን ብዙ ዓመት የደከመ ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ቢጠይቅ ሌባ አይባልም። ስለዚህ ዋጋ ስለ ሠሪው ድካም፥ ስለ ዕቃው ብርቅነትና ስለ ገዢው ምኞት በእውነት ይመሰክራል። ጥያቄው ግን ስለ ድምፁስ ይመሰክራል ወይ? የሚለው ነው።

እዚህ ላይ በደሌን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከውጭ አገር ሲመጣ፥ ዋጋው ከብዙ ወር ደመወዜ የሚበልጥ ማዳመጫ ለጥቂት ቀን አዋሰኝ፤ ዋጋውንም አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። በራሴ ላይ ደፍቼ የተቀዳ ማኅሌት ባዳመጥሁ ጊዜ «እስከ ዛሬስ ደንቍሬ ኖሬአለሁ» አልሁ። በነዚያ ቀኖች አንድ መምህር ወዳጄ መጥቶ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እኔም «ከተራው ጋራ ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው» ብዬ መሰከርሁ። እርሱም ቃሌን አምኖ፥ የቤቱን ጣራ ሊያሳድስበት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ያንኑ የመሰለ አስመጣ። ክረምቱ በገባ ጊዜ ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ።

ዘመዴ ዕቃውን ሊወስድ አንድ ቀን ሲቀረው፥ ሴት ልጄ «አባባ፥ እስቲ ዓይንህን ልሰርልህና ለይ» አለችኝ። ዓይኔን በነጠላ ሸፈነች፤ የሁለቱንም ድምፅ ልክ እኩል አደረገች፤ በክብደታቸው እንዳላውቃቸውም በእጇ ይዛ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችልኝ። አሥር ጊዜ ሞከርን፤ አምስት ጊዜ አወቅሁ፥ አምስት ጊዜ ሳትሁ። ይህ ደግሞ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት አይበልጥም። ይህ ፈተና በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም የሚል አይደለም፤ ከኔ የተሻለ ጆሮ ያገኘው ይሆናል። ነገር ግን እኔ ሰማሁ ብዬ የመሰከርሁትን እንዳልሰማሁ አረጋገጠ።

የኔ ጆሮ ብቻ ደካማ እንዳይሆን ብዬ ሊቃውንቱ ምን እንዳሉ ጠየቅሁ። የሮን ብሬባርት የተባለ የድምፅ ሊቅ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ 283 ማዳመጫዎች ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጡ የሚያሳየውን ልክ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋራ አስተያይቶ፥ በሁለቱ መካከል ዝምድና እንደሌለ ገለጠ። ይህ ሚዛን ለድምፅ ጥራት ዋነኛው ነገር ነው። እርግጥ ምቾት፥ ጥንካሬና የመሣሪያው አለመንጋጋት በዚህ ልክ ውስጥ አይገቡም፤ ቢሆንም «ዋጋው በወጣ ቍጥር ድምፁ ይጠራል» የሚለው ፍርድ እንደ ሕግ ሊቆም አይችልም።

ስለ ቫዮሊንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ክሎዲያ ፍሪትዝና ባልደረቦቿ 21 የቫዮሊን ተጫዋቾችን የጠቈረ መነጽር አድርገው፥ ስትራዲቫሪና ጓርኔሪ የሠሯቸውን አሮጌዎች ከአዲሶች ጋራ እንዲፈትኑ አደረጉ። የአሮጌዎቹ ዋጋ ከአዲሶቹ መቶ እጥፍ ያህል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ግን አዲስ ሆነ፤ ከሁሉ ያነሰ የተወደደውም ከስትራዲቫሪ ሥራዎች አንዱ ነበር። እነዚህም በሙያው የኖሩ ሰዎች ናቸው እንጂ እንደ እኔ ያሉ ጀማሪዎች አልነበሩም።

ነገር ግን አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ደስታው እውነተኛ ከሆነ ምን ጥፋት አለው? ዋጋውን ባወቅህ ጊዜ ዜማው ጣፍጦሃል፤ የጣፈጠህ ነገር ሐሰት ነውን?» ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ሊቃውንት ምርምር ለዚሁ ይስማማል። አንዱን የወይን ጠጅ አንድ ጊዜ «10 ዶላር ነው»፥ ሌላ ጊዜ «90 ዶላር ነው» እያሉ ለሰዎች ባቀመሱ ጊዜ፥ ጠጪዎቹ ውድ የተባለው ይበልጥ ጣፈጠን አሉ። የአንጎላቸውንም ሥራ በመሣሪያ ሲያዩት፥ ደስታን የሚያመለክተው ክፍል በእውነት ይበልጥ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ጠጪዎቹ አልዋሹም፤ እንደ ተናገሩት ጣፍጧቸዋል።

እኔ የምመልሰው ይህን ነው። «ደስ አለኝ» ማለትና «ይህ ይበልጣል» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ቃሎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ራሴ የምናገረው ነው፤ በርሱ ላይ ከኔ በቀር ምስክር የለም። ሁለተኛው ግን ስለ ዕቃው የምሰጠው ምስክርነት ነው፤ ሌላው ሰው ገንዘቡን፥ አንዳንድ ጊዜም የልጆቹን ጣራ፥ በርሱ ላይ ያኖራል። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የሚጠብቀው ባልንጀራን ነውና፥ ሳያውቅ የተሳሳተ ምስክር እንኳ ሳይመረምር ስለ ተናገረ ከጥፋት ነጻ አይሆንም። በደሌ መደሰቴ አልነበረም፤ ደስታዬን ሳልፈትን ምስክር አድርጌ ማቆሜ ነበር።

ሌላም ተከራካሪ አለ፤ እርሱ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ነው። «50,000 ዩሮ በጆሮ ላይ ከሚደፋ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልምን?» ይላል። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት መቶ ዲናር ስለሚያወጣው ሽቱ ይህን የመሰለ ቃል የተናገረው ማን እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። ውድ ነገር ሁሉ ከንቱ አይደለም። በወርቅ ቀለምና በሥዕል ያጌጠ የብራና ዳዊት ከታተመው ዳዊት ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ የጻፈውም ያስጻፈውም ይመሰገናሉ። ባለ ብራናው «ለሥዕሉና ለጸሐፊው ድካም ብዬ አስጻፍሁት» ቢል እውነት ተናገረ። «መዝሙሩ በኔ መጽሐፍ ውስጥ ከድሃው መጽሐፍ ይልቅ ይበልጣል» ቢል ግን ዋሸ። የእብነ በረዱን ማዳመጫ የሚገዛም ሰው እንዲሁ ነው። ውበቱንና ጥበቡን ወድጄ ገዛሁ ቢል ማንም አይነቅፈውም፤ በርካሹ የሚሰማውን ሰው ግን ጆሮ የለህም ብሎ ቢንቀው፥ ያን ጊዜ ገንዘቡን በሰው ላይ አነገሠው።

ደግሞስ ጆሮ ያለው ማን ነው? ለብዙ ዓመታት ከመሪጌታው እግር ሥር ተቀምጦ ግዕዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን የለየ ደብተራ፥ በሚያንኳኳ አሮጌ ራዲዮ እንኳ እየሰማ ዜመኛው የሳተበትን ያውቃል። ያልተማረው ግን ስምንቱ ቱቦዎች ከእብነ በረድ ቢወጡለትም የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጐድለው መሣሪያው ሳይሆን ሰሚው ነው፤ ይህም ጕድለት የሚሞላው በትዕግሥትና በትምህርት እንጂ በግዢ አይደለም።

በገንዘብ የማይገኝ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የጆሮው ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፥ ድምፅን ከልክ በላይ በማዳመጥ ምክንያት 1.1 ቢሊዮን ወጣቶች ለመስማት ጕዳት ተጋልጠዋል። በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ የተመከረውም የ80 ዴሲቤል ድምፅ ነው። በጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። የሺህ ዶላሩም የአሥር ዶላሩም ማዳመጫ በዚህ ረገድ እኩል ናቸው፤ ልክ የሚያበጀው የባለቤቱ እጅ ነው።

ስለዚህ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ እላለሁ። አስቀድሞ ዋጋውን ሳይጠይቅ ይስማ፤ ሁለተኛ የድምፁን ልክ እኩል አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያስተያይ፥ ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና፤ ሦስተኛ ለወዳጁ ሲናገር የሰማውን ከተደሰተበት ለይቶ ይናገር።

እኔም ሦስተኛውን ለመፈጸም ዘግይቼ ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ። ከጣራው በታች ውሃ የሚያጠራቅም ባልዲ ተቀምጦ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርሁትና ይቅርታ ለመንሁት። እርሱ ግን አልተቈጣም። ጥቂት ዝም ብሎ «እኔም ልዩነቱን አልሰማሁትም ነበር፤ አንተ ሰማሁ ስላልህ የኔ ጆሮ የጐደለ መስሎኝ አፍሬ ዝም አልሁ፤ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝም እንዳንተው መሰከርሁ» አለኝ። በዚያ ክረምት ጣራውን አብረን ከደንነው፤ ከርሱ በኋላ በቃሉ የገዛውን ሰው ግን እስከ ዛሬ እናስበዋለን።