ውለታና ሥልጣን

ለተቀበሉት ውለታ የመቃብር ድንጋይ ማቆም ይበቃልን? ይህን ጥያቄ በጆን ፎረስት ሕይወት እንመርምረው። ፎረስት በምዕራብ አውስትራልያ፥ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፥ የመሬት ቀያሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. ከጄራልድተን ተነሥቶ በረሃውን ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ፥ ውሃ ያለበትን ስፍራ እየፈለጉ ጓዙን ከጥም ካዳኑት አንዱ ቶሚ ዊንዲች የተባለ የአገሩ ተወላጅ ነው። ዊንዲች በ1876 ሲሞት ፎረስትና ወንድሙ በመቃብሩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙለት።

በ1890 ቅኝ ግዛቲቱ ራሷን ማስተዳደር ስትጀምር ፎረስት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሕገ መንግሥቷ በየዓመቱ 5,000 ፓውንድ፥ ገቢዋ ከ500,000 ፓውንድ ሲያልፍም ከመቶ አንድ እጅ፥ ለተወላጆቹ ደኅንነት እንዲውል ያዝዝ ነበር። ወርቅ ተገኝቶ ገቢው በበዛ ጊዜ ግን የፎረስት መንግሥት ይህን አንቀጽ በ1897 አሰረዘ።

የፎረስት ሐዘን የውሸት ነበር አንልም። ነገር ግን ዊንዲች በበረሃ ወዳጅ ሆኖ ሲታይ፥ ወገኖቹ በመዝገብ ቤት ወጪ ሆነው ተቈጠሩ። እንግዲህ ባለ ሥልጣን ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፥ «ውለታ የዋለልኝን ሰው አከበርሁን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ «ብዕሩ በእጄ ሳለ ለወገኖቹ ምን ፈረድሁ?» ብሎም ነው። ምስጋና ከልብ ይመነጫል፤ ፍርድ ካልተጨመረበት ግን ከመቃብር አያልፍም።